ያልቆመው ነጭ ቤት

ጓንጉልን መጀመሪያ ያገኙት ፍየሎች ናቸው። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ጠባቂ የሌለው ነገር ሁሉ የፍየል ነው። ከጅምሩ ፎቅ ሥር፣ ከአሸዋው ክምር አጠገብ ተደፍቶ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ፍየሎቹ የኮቱን ጫፍ ሲጎትቱ ውሃ ልትቀዳ የወጣች ሴት አየችና ሰው ጠራች። እኔ ስደርስ በሲሚንቶ ከረጢት ሸፍነውታል። እግሩ ግን አልተሸፈነም። አንድ ጫማው ወልቋል። ጫማውን ሳያስጠርግ ከቤት የማይወጣ ሰው፣ በካልሲ ተጋድሞ አየሁት። ሌላው ሁሉ ቢረሳኝ ያ ካልሲ አይረሳኝም።

ጓንጉል የአርማጭሆ ሰው ነው። ሰሊጥ ሊያጭድ ወደዚህ ተሻግሮ፣ ማጭዱን ጥሎ ሙቃዊል ሆነ፤ ቤት እያስገነባ የሚያስረክብ ማለት ነው። ሙቃዊልነቱ በአፉ ነበር። የቤት ፕላን ቢዘረጉለት እንደ እኔው ነው፤ የሸረሪት ድር ያያል። ለዚያ ፊሊጶስ አለለት። ፊሊጶስ ግንበኛው ነው፤ በዚህ አገር ኡስታ ይሉታል። ፕላኑን አንብቦ ድንጋዩን የሚያስቀምጠው እሱ ነው። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይሠራል፤ እንዲህ ሆነው ዕድሜያቸውን በሙሉ ቤት ሲያቆሙ ኖሩ።

ይኸኛው ቤት የአንድ የሰሊጥ ነጋዴ ነው። ታችኛው ተገንብቷል፣ ሶሌታው ተሞልቷል፣ ከላይ ወደ መንገዱ የወጣ በረንዳ አለው። መከታ ግን ገና አልተሠራለትም። ጓንጉል የወደቀው ከዚያ በረንዳ ነው።

ፖሊሶቹ በረንዳው ላይ ተዘርግቶ የቀረ ሜትር አገኙ። እጀታው ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። ያን ሜትር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የባንታምላክ ነው፤ እኔ ቤት የኋላ ክፍል የሚኖረው፣ ቤት በኮምፒውተር የሚሥለው ልጅ። ፀሐይ ሳትሞቅ ወሰዱት። ላፕቶፑንም ጭምር።

*

መርማሪው ረፋድ ላይ እኔ ዘንድ መጣ። ነቂብ ሁዜይፋ ይባላል፤ ነቂብ በእኛ ሻምበል መሆኑ ነው። ረጅም ነው፤ ከጦርነቱ ወዲህ የተኛ አይመስልም፤ ዓይኑ ሥር ከረጢት አብጅቷል። ያደገው ገላባት ነው። አማርኛውን ከመተማ ገበያ ነው የለቀመው፤ አንቱታን ሳይለቅም ቀርቷል።

«የባንታምላክ አከራይ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። ዙፋን እባላለሁ። ሳያውቀኝ አንቺ ያለኝ ባሌ ብቻ ነበር፤ እሱም ሞቷል።»

«ይቅርታ ኻልቲ። ሌላ አማርኛ አልሰጡኝም።»

ኻልቲ አክስቴ ማለቱ ነው። ይቅር አልሁት። ተቀመጥ አልሁት፤ ተቀመጠና ወዲያው ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

«ትናንት ጓንጉል እዚህ መጥቶ ነበር?» አለኝ ዓይኑን ሳይከፍት።

«መጥቷል። ከሰዓት በኋላ።»

«ጮኸ ይላሉ ጎረቤቶች።»

«ጓንጉል ሲስቅም ይጮኻል።»

«ንገሪኝ።»

ነገርሁት። ትናንት የሰኔ ሚካኤል ነው። በሚካኤል ግንበኛ ድንጋይ አያነሣም፤ የእኛ ሰው ሁሉ እቤቱ ነው፣ ወይ ማኅበር ነው። ጠዋት እደጄ በንበሬ፣ በገመድ በተጠለፈች በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም፣ ባንታምላክ ስልኩን ቀስሮ አነሣኝ። «ምን ትቀስርብኛለህ?» ብለው «ብርሃኑ ጥሩ ነው እማማ» አለኝ። «እንግዲያ ብርሃኑን አንሣ» አልሁትና አባረርሁት። ከዚያ ክፍሉ ገብቶ ማሽኑን አስነሣው። ያ ማሽን ሥዕል ሲያበስል እንደ ወፍጮ ያጓራል።

«ሥዕል ሲያበስል?»

«እንደዚያ ነው የሚለው። ቤቱን መጀመሪያ ካድ በሚሉት ሶፍትዌር በመስመር ይሥለዋል፤ ቁመቱን፣ ውፍረቱን። እርቃኑን ነው። ከዚያ ወደ ሌላ ሶፍትዌር ይወስደውና ያለብሰዋል። ኖራ ይቀባዋል፣ ፀሐይ ያወጣለታል፣ ዛፍ ይተክልለታል። ሬንደር ይሉታል። ፕላን ማንበብ ለማይችል ሰው ነው፤ ቤቱ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ያይበታል።»

«ጓንጉል ማንበብ አይችልም?»

«እንደ እኔ።»

ጓንጉል የመጣው ያን ሥዕል ሊወስድ ነው። ዛሬ ነገ እያልህ አዘገየኸኝ ብሎ ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ደግሞ ሳቁ ተሰማ። አንድ ወረቀት ጠቅልሎ፣ የባንታምላክን ሜትር ተውሶ ወጣ። እደጄ ሲያልፍ አየኝና እንደገና ሳቀ። «ዙፋን፣ ከእንግዲህ የደጅ ኪራይ ትከፍይኛለሽ» አለኝ። በገዛ ደጄ። የሚገባውን ስድብ ሰደብሁት። ስድቤን ይዞ ሄደ፤ ተመልሶ አልመጣም።

ሁዜይፋ ዓይኑን ከፈተ። «ሬሳው ላይ ወረቀት የለም።»

«ይዞ ነው የወጣው።»

«ምን ነበር ሥዕሉ ላይ?»

«ቤት ይሆናላ። ለእኔ ማን ያሳየኛል? የተጠቀለለ ነው ያየሁት።»

«ልጁም ሥዕል ሰጠሁት ይላል። የእኛ የኮምፒውተር ሰው ላፕቶፑን ከፍቶት ነበር። መስመር ብቻ ነው ያለው። ቀለም የለ፣ ዛፍ የለ፣ ሥዕል የለ።» ተነሣ፤ ጉልበቱ ተንቋቋ። «ሜትሩ የእሱ ነው፣ ጩኸት ተሰምቷል፣ ሥዕል የሚለውም የለም። አለቃዬ ሌላ አይፈልግም።»

«ልጁ አልገደለም።»

«ሁሉም አከራይ እንደዚህ ይላል ኻልቲ።»

«ውሸት ነው። እኔ ከዚህ በፊት አንዱን ሌባ ነው ብዬ ራሴ አስይዣለሁ።»

ፈገግ ሊል ነበር፤ ደከመውና ተወው።

*

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ለልጁ ዳቦና ፉል ይዤ ሄድሁ። ሁዜይፋ ኮሪደር ላይ አገኘኝ።

«ኻልቲ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እስር ቤቱ ከካርቱም በተፈናቀለ ሰው ሞልቷል። አለቃዬ ክስ ይከፈት፣ ምስክር ይሰማ የሚል ትዕግሥት የለውም። ልጁ ወረቀት የለውም። እስከ ሐሙስ ሌላ ነገር ካላመጣሁ በሎሪ ጭነው በገላባት ወደ መተማ ያሻግሩታል። ፋይሉም እዚያው ያልቃል።»

ወንበር ፈለግሁ። አልነበረም።

«ማዶ የሚጠብቁት አሉ» አልሁት። «ወንድሙን ወስደው አልመለሱትም። እሱ የተረፈው በእርሻ መሐል ሮጦ ነው። ድልድዩን በተሻገረ ቀን ያበቃለታል።»

«አውቃለሁ። ነግሮኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

ልጁን አየሁት። ከንፈሩ አብጧል። ዳቦውን ይዞ አልበላውም።

«እማማ፣ ያ ሰው የከፈተው ካዱን ነው» አለኝ። «ሥዕሉ እዚያ የለም። ብነግራቸው አይሰሙኝም። በሌላኛው ሶፍትዌር ነው የሠራሁት። አንድ ቅጂ አትሜ ለአያ ጓንጉል ሰጠሁት፤ እሱ እንደወጣ መብራት ሄደ፣ ባትሪዬም የሞተ ነው፣ ሥዕሉን ሳላስቀምጠው ጠፋ። ሥዕሉ የሚበስልበት ዝግጅት ግን ተቀምጧል፤ እንደገና ይበስላል። አንዴ ቢያስከፍቱኝ…»

«ሥዕሉ ቢገኝስ ምን ያደርግልሃል?»

«ውሸታም እንዳልሆንሁ ያውቃሉ።»

ለሁዜይፋ ነገርሁት። «ማስረጃ እስረኛ እጅ አይገባም» አለኝ። እንግዲያ ብላ፣ ትከሳለህ አልሁት ልጁን፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

*

ያን ቀን ሁዜይፋ ወደ ሰሊጥ ነጋዴው ሄደ። ነጋዴው በበረንዳው መዘግየት ከጓንጉል ጋር ተጣልቶ፣ በሰው ፊት አንገቱን አንቆት ነበርና፣ ነገሩ እሱ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ግን በሚካኤል ዕለት የእህል ጨረታው ግቢ ውስጥ ነበር። እሱ ክርስቲያን አይደል፣ ሚካኤል አያግደው። ሲጫረት፣ ሲሳደብ፣ ከሰው መሐል ሲሰግድ ገበያው በሙሉ አይቶታል።

ከዚያ ወደ ጓንጉል ሚስት ወደ ማሚቱ። ማሚቱ ሬሳው ከተነሣ ጀምሮ እንባ አላወጣችም፤ ይኽንም ፖሊሶቹ በክፉ ተረጎሙት። እኔ እንኳ አፌን አልዘጋሁም። «አርባ ዓመት ሙሉ ከጓንጉል ጋር የኖረች ሴት እንባ ከየት ታምጣ?» አልሁት ሁዜይፋን። እሷም ያወቀችው ይኽ ነው፤ ደስ ብሎት ወጣ፣ «ቤቴን ላየው ነው» አለ፣ አልተመለሰም። የት ሄደ ብላ አልፈለገችውም፤ ማኅበር ያደረ መሰላት።

ለቅሶው ላይ ፊሊጶስ አጠገቤ ተቀመጠ። በራኩባው፣ በሣሩ ዳስ ሥር፣ ጥላው ጠቦ፣ ሰው ተጨናንቆ። ፊሊጶስ እንደ አሮጌ ግንብ ነበር፤ ዝም ብሎ የሚረግፍ። እንጀራ አቀረቡለት፤ ገፋው። ባሌ ሲሞት መቃብሩን የገነባልኝ እሱ ነው፤ ቤሳ አልወሰደም። እንዲበላ ጎተጎትሁት።

አየኝ። በንበሩ ላይ እንደተቀመጥሁ ከላይ እስከ ታች ረጅም አየኝ።

«አንቺስ አለፈልሽ እትዬ ዙፋን» አለኝ። «ነጭ ቤት ደጅ፣ ሮማን ሥር ተጎልተሽ ምስርሽን ትለቅሚያለሽ። ላየሽ ሰው እመቤቲቱ ትመስያለሽ።»

ደሜ ፈላ። የእኔ ቤት ከጭቃ ነው፤ ደጄ ላይ ያለው የነጋዴው የፍየል በረት ነው። ሮማን የበላሁት ጎንደር ነው። ድኃነቴን በለቅሶ ቤት አደባባይ የሚያወጣብኝ እሱ ነው? «አንተ ራስህ የፎቅ ባለቤት ሆነህ ነው?» አልሁትና ፊቴን አዞርሁ። እሱ ግን እጁን ያይ ነበር።

ሁዜይፋ ከራኩባው ውጭ ቆሞ ነበር። ስወጣ ተከተለኝ።

«ፊሊጶስ በሚካኤል የት ነበር?»

«ማኅበር ይሆናላ፤ እሱ ከማኅበር ቀርቶ አያውቅም።»

«ማኅበርተኞቹን ጠየቅሁ። ሁሉም ባንድ ቃል ‹ፊሊጶስ ከማኅበሩ አልጎደለም› አሉኝ።» ግንባሩን ጠረገ። «ውስጥ የሰማሽው ነገር አለ?»

«ስድብ ነው የሰማሁት።» ፊሊጶስ ያለኝን ቃል በቃል ነገርሁት፤ ነጩን ቤት፣ ሮማኑን፣ ምስሩን፣ እመቤቲቱን። «እንዲህ ይባላል? ለእኔ?»

«ኻልቲ፣ ይኽ ስድብ እንጂ ማስረጃ አይደለም።»

«እኔም ማስረጃ ነው አላልሁህም። ጠየቅኸኝ፣ ነገርሁህ።»

*

ረቡዕ ጣቢያው በር ላይ በንበሬን አምጥቼ ተቀመጥሁ። ሂጂ አሉኝ፣ አልሄድሁም። ነገ ሎሪው እዚህ በር ላይ ነው የሚቆመው፤ እኔን ሳይደፈጥጥ አይገባም አልኋቸው። ከቀትር በኋላ ሁዜይፋ መጣና አጠገቤ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። መኮንን ነው፣ አላፈረም።

«የቀረኝ የለም ኻልቲ። የምጠይቀው ሰው አለቀ።»

«ልጁን ላፕቶፑን አስከፍተው።»

«ስለ ሥዕሉ ነው?»

«ስለ ሥዕሉ ነው። ወይ አለ፣ ወይ የለም። ሳታየው ልትጭነው ነው?»

አሸዋውን በጣቱ ጫረ። «ጄኔሬተሩን አስነሡ» አለ ወዲያው በሩ ላይ ላሉት ፖሊሶች። «ልጁን አምጡት። አለቃዬ ከጠየቀ ዙፋን አዘዘች በሉት።»

ጠባብ ክፍል ውስጥ ተኮለኮልን፤ ሁዜይፋ፣ የኮምፒውተር ሰው የተባለው ፖሊስ፣ ባንታምላክ፣ እኔ። ልጁ እጁ ከካቴና ሲወጣ መጀመሪያ ያደረገው የላፕቶፑን አቧራ መጥረግ ነው።

«ይኸው ካዱ» አለ። ነጫጭ መስመር በጥቁር ላይ። «እሱ ያየው ይኽን ነው። ትክክል ነው ያየው። እኔ እዚህ እለካለሁ እንጂ አልቀባም። ሞዴሉን አውጥቼ ወደዚህኛው ሶፍትዌር አመጣዋለሁ።»

«ለምን በአንዱ አትጨርስም?» አለ ሁዜይፋ።

«ልብስ ሰፊ ሸማ ይሸምናል ነቂብ? አንዱ ይለካል፣ አንዱ ያለብሳል።»

ሌላውን ከፈተ። አንድ ነገር ተጫነ። ማሽኑ ማጓራት ጀመረ።

መጀመሪያ ምንም አይታይም። ሰሊጥ የተበተነበት ሰፌድ በሉት፤ ጥቁር ነጭ ነጠብጣብ። ቆየና ነጠብጣቡ ወፈር አለ። ሰማይ መሰለ። ሙቀቱ አያድርስ ነው። ፖሊሱ ያዛጋል፤ ሁዜይፋ ግድግዳ ተደግፏል። ቤቱ ቀስ እያለ ከጉም እንደሚወጣ ተራራ ወጣ፤ ነጭ፣ መስኮቱ ሰማያዊ፣ በረንዳው በመከታ የታጠረ፣ ከበረንዳው ሥር ሁለት ክብ ምሰሶ የቆመበት። ከደጁ ግራ ዛፍ ወጣ። ቀይ ፍሬ አለው።

ሮማን ነው።

ከሮማኑ ሥር የነበረው ነጠብጣብ ሲጠራ፣ በንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ሆነ። ሰፌድ ታቅፋለች። አንገቷን ሰበር አድርጋ ምስር ትለቅማለች።

«ይኽች ማን ናት?» አልሁ። አውቄያታለሁ።

ባንታምላክ አንገቱን ሰበረ። «እርስዎ ነዎት እማማ። ቤቱ ሰው አልነበረውም። ሰው የሌለበት ቤት ሲታይ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ያነሣሁዎትን ቆርጬ አስገባሁ። አያ ጓንጉልን እሱ ነው ያሳቀው።»

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። አምሮብኝ ነበር። በሰው ቤት ደጅ ሳይሆን በራሴ ደጅ የተቀመጥሁ ነበር የምመስለው።

ሁዜይፋ ግን ከግድግዳው ተነሥቷል። የድካም ፊቱ ጠፍቷል።

«ኻልቲ፣ ፊሊጶስ ለቅሶው ላይ ምን ነበር ያለሽ?»

ቀኑን በጣቴ ቆጠርሁ። የሚካኤል ጠዋት ፎቶ ተነሣሁ። ቀኑን ሙሉ እደጄ ነበርሁ፤ ከጓንጉል በቀር ማንም አልገባም። የታተመችው አንዲት ወረቀት ናት፤ እሷንም ጓንጉል ጠቅልሎ ወጣ። በማግስቱ ማለዳ ማሽኑ ፖሊስ እጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ይኽን ቤት፣ ይኽን ዛፍ፣ እኔን እዚህ ተቀምጬ ያየኝ ሰው፣ ከጓንጉል እጅ ላይ ነው ያየኝ።

«ሰደበኝ እንጂ» አልሁ። «ስድብ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር» አለ ሁዜይፋ። ጣቱን ከበረንዳው ሥር አኖረ። «እነዚህስ? እኔ እዚያ ቆሜያለሁ። ምሰሶ አላየሁም።»

«ካዱ ላይ አሉ» አለ የኮምፒውተሩ ፖሊስ። «መስመሩን አይቼዋለሁ። ቤቱ ጋ ግን አልሄድሁም።»

ባንታምላክ ብድግ አለ። «የሉም ነው የምትሉኝ? በረንዳው በባዶ ነው የተንጠለጠለው? ፊሊጶስ ፕላኑን ያነባል እኮ። ማንበብ የማይችለው አያ ጓንጉል ነው።»

«ሥዕል ግን ያነባል» አለ ሁዜይፋ ቀስ ብሎ። «ሥዕልና ሜትር ይዞ ሄደ።»

*

ወደ ፊሊጶስ ከመሄዳችን በፊት ሁዜይፋ የማኅበሩን ሙሴ፣ መሪያቸውን፣ አስጠራ። እኔ እያለሁ ነው የጠየቀው፤ ያሁኑ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር።

«ፊሊጶስ በሚካኤል ጽዋውን ከማን እጅ ተቀበለ?»

ሙሴው መሬት መሬት አየ። «ድርሻው ተቀምጦለት ነበር።»

«ማን ሰጠው ነው ያልሁህ።»

«ድርሻው የተቀመጠለት ሰው አልጎደለም ነው የሚባለው። እኛ ወንድማችንን ጎደለ አንልም፤ ነውር ነው። ልኬለት ሲመሽ እቤቱ ተቀበለ።»

ሁዜይፋ አልተቆጣም። «ገላባት አድጌ ይኽን አለማወቄ» ብቻ አለ።

ፊሊጶስ አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘነው። በሩ ክፍት ነው። እኔን ሲያይ ተነሥቶ በንበር አቀረበልኝ፤ ሁዜይፋን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ነጩን ቤት የት አየኸው?» አልሁት። ልጠይቅ የሚገባኝ እኔ አልነበርሁም፤ ግን ጠየቅሁ።

ፍራሹን ገለጥ አድርጎ አራት ላይ የታጠፈውን ወረቀት አወጣ። ለሁዜይፋ ሳይሆን ለእኔ ሰጠኝ።

«ብረቱ አልቆ ነበር» አለ። «ከፖርት ሱዳን የሚያመጣው መንገድ ተዘጋ። ክረምቱ እየገባ ነው፤ ነጋዴው ይጮኻል፣ ጓንጉል ይጮኻል። ምሰሶዎቹን ተውኋቸው። በእንጨት አስደግፌ ሶሌታውን ሞላሁ፤ ብረት ሲመጣ አቆማቸዋለሁ አልሁ። ጓንጉል እንጨቱን እያየ ምሰሶ የሚሆነው ይኽ ነው ብሎ ያልፋል። ከዚያ እንጨቱ ለሌላ ሥራ ተፈለገ። ነቀልሁት። አልወደቀም። አልወደቀም ስል ደግሞ መናገሩ አሳፈረኝ።»

«በሚካኤል ለምን ሄድህ?» አለ ሁዜይፋ።

«በየበዓሉ እሄዳለሁ። ሰው በሌለበት ስንጥቅ ካለው አያለሁ። ላይ ቆሜ ሳለሁ ጓንጉል መጣ። ከታች ሆኖ ወረቀቱን ያያል፣ ቤቱን ያያል። ደጋግሞ ያያል። እየሳቀ ነበር። ሳቁ ሲቆም አየሁት። ወጣና ሜትሩን ዘረጋ፤ የበረንዳውን መውጣት ለካ። ‹ምሰሶዎቼ የታሉ?› አለኝ። ነገርሁት። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ሠርተን ‹ኡስታ ያልሁህ አፌ ይቆረጥ› አለኝ። ወረቀቱን ፊቴ ላይ ወረወረው። ገፋሁት።» እጁን አገላብጦ አየው። «መከታ እንደሌለው ከሁሉ ይልቅ የማውቅ እኔ ነኝ። ወርጄ ጠራሁት። አልመለሰልኝም።»

«ልጁ ነገ ሊጫን ነበር» አልሁት። «ታውቅ ነበር?»

«ሰምቻለሁ። በየጧቱ ዛሬ እሄዳለሁ እላለሁ። እንደ ምሰሶው ነው ነገሩ።»

ሁዜይፋ ካቴናውን አላወጣም። «ወረቀቱን ለምን አልቀደድኸውም? ባይገኝ ኖሮ…»

ፊሊጶስ ወደ እኔ ዞረ። «እሷ አለችበት» አለ። «በአንድ ቀን ሁለት ሰው አላጠፋም አልሁ።»

እኔ አላለቀስሁም። ጫማውን አምጥቼ እግሩ ሥር አኖርሁለት፤ በካልሲ እንዳይወስዱት።

*

ባንታምላክ ሐሙስ ጧት በእግሩ መጣ። ሎሪው ሌሎችን ጭኖ ሄዷል፤ ሁዜይፋ ለእሱ ከስደተኞች ቢሮ የቱነይድባ መጠለያ ወረቀት አሰጠው። ወረቀቱን ሁዜይፋ ሲሰጠኝ «አንቺ» ብሎ ጀመረና «እርስዎ» ብሎ ጨረሰ። ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

ልጁ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ላፕቶፑን ከፈተ። ያ ቤት እዚያው ነበር።

«ላጥፋው እማማ?»

የነጋዴው ጅምር ዛሬም አለ። በረንዳው አልወደቀም። ፍየሎቹ ከሥሩ ይተኛሉ። ሊገነባው የሚገባ ግንበኛ የለም፣ ሊያስገነባው የሚገባም የለም፤ ማሚቱ በዚያ መንገድ ማለፍ ትታለች።

«መጀመሪያ እኔን ከዚያ ደጅ አውጣኝ» አልሁት።

አንድ ነገር ተጫነ። ወጣሁ። ሮማኑ ቀረ።

«ጥላዬስ?»

«ጥላ ብቻውን አይቀርም እማማ። አብሮዎት ወጥቷል።»

አየሁት። ንጹሕ ነጭ ቤት ነው፤ ምሰሶው የቆመ፣ መከታው የታጠረ። ጓንጉል ያማረው እሱ ነው፣ ፊሊጶስ ያፈረበት እሱ ነው። ማንም የማይወድቅበት ቤት ማንም የማይገባበት ብቻ ነው።

«አሁን አጥፋው» አልሁት። «ማሽኑም ይረፍ።»